የፊት ሾኬ ድርቅ ብሏል፤ ቤት ውስጥ ልፍታው ወይስ ልተወው?

አራትኪሎ_በፔዳል • ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም የብስክሌት ቤተሰብ። ማውንቴን ባይኬን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ዓመት ከምናምን ሆኖኛል። በሥራ ቀን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እመላለስበታለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦ እወጣለሁ። ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሾክ ሹካ) ሮክሾክስ ሬከን የሚባለው ነው፣ ባለ አየር፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚጫወት።

ስገዛው ደህና ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ግን ድርቅ አለ። መሪውን ይዤ በሙሉ ክብደቴ ስጫነው መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ዘጭ ብሎ ሁለት ጣት ያህል ይገባና እዚያው ይቆማል። ከእንጦጦ ስወርድ እጄ እስኪደነዝዝ ያንገጫግጨኛል። ባለፈው ሳምንት ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማው ነጥሮ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አንድ ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። በእጁ አንዴ ጫን አደረገና «ሾኩ ሞቷል፣ ቀይሪው» አለኝ። ሳይፈታው፣ ምንም ሳይለካ። አዲስ ፎርክ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፣ ቢኖረኝም መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ሙሉ ስብስብ አለኝ፣ ካቻቪቴና የጎማ መዶሻ አለኝ፣ በረንዳ አለኝ። ቤት ውስጥ ፈትቶ የሞከረ ካለ ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።


ፒያሳ_ቁልቁል • ቅዳሜ ማታ 3፡05

እህቴ፣ ከምንም በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ዝገት መፍቻ ስፕሬይ እንዳትነፊበት። እኔ ነፍቼ ነው ፎርኬን ያበላሸሁት። ለሁለት ቀን ቅቤ ሆነልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ጮኸ። ለካ ስፕሬዩ ውስጥ ያለውን ዘይትና ግሪስ አጥቦ ነው የሚያወጣው፤ የሲሉ (ቱቦው የሚገባበት አፍ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ከንፈር ላይ የተጣበቀውን አቧራም አቅጥኖ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሲከፈት አንጸባራቂው ቱቦ ላይ ከላይ እስከ ታች የተፋቀ መስመር አገኘን። እስካሁን ያንገበግበኛል።


ባለ_ብሩጎላ • ቅዳሜ ማታ 4፡10

ልጄ፣ ሾክ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ለገሃር አካባቢ ባለች ግቢዬ የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት ስፈታ ዓመታት ሆኖኛል፣ ሞተ ተብሎ ከሚመጣልኝ ፎርክ አብዛኛው የደረቀ፣ የቆሸሸ ወይም አየሩ የተዛባ ነው። ስለዚህ መዶሻሽን አስቀምጪውና መጀመሪያ የማይፈታውን ነገር እንይ።

ድርቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየር ሲበዛበት ነው። ያኔ ፎርኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይጠነክራል፣ ስትለቂው ግን ፈጥኖ ይመለሳል። ሁለተኛው የሰበቃ ድርቀት ነው። ውስጡ ዘይት ስላጣ ቱቦው ከሲሉና ከውስጥ ቡሹ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) ጋር ይያያዛል፤ ጥንካሬውን ካላለፍሽ አይነቃነቅም፣ ካለፍሽ ዘጭ ይላል። አንቺ የነገርሽን ሁለተኛውን ይመስላል፣ «ሁለት ጣት ገብቶ ይቆማል» ያልሽው ግን አንደኛውንም እንድጠረጥር አደረገኝ። ሁለቱም ሊኖሩብሽ ይችላሉ።

እስቲ ልጠይቅሽ፣ አየሩን መጨረሻ የሞላው ማነው? በምን?


አራትኪሎ_በፔዳል • እሁድ ጠዋት 1፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር በነሐሴ ዝቅ ያለ መስሎኝ ጎሚስታ ጋር አስሞልቼዋለሁ። በግራ በኩል ያለው ቫልቭ እንደ መኪና ጎማ ቫልቭ ስለሆነ ቱቦው ልክክ አለለት። አንዴ ጭስስ አደረገና «በቃ» አለኝ። ጥፋት ነው እንዴ?


ባለ_ብሩጎላ • እሁድ ጠዋት 2፡00

ጎሚስታው አይፈረድበትም፣ ቫልቩ አንድ ዓይነት ነው። ግን ፎርክ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል ከጎማ ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ ነው። ኮምፕሬሰር ለአንድ ሰከንድ ቢነፋበት ልኩን አልፎ ይሄዳል። ከልክ ካለፈ ደግሞ የውስጥ ኦሪንጎችን (አየር የሚያሽጉ የጎማ ቀለበቶችን) ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው የሾክ ፓምፕ ለብቻው የተሠራው፤ ቀጭን ነው፣ በእያንዳንዱ ግፊት ትንሽ ትንሽ ያስገባል፣ ጌጅም አለው። ከምታውቂው ሰው ተዋሺ።

በግራ እግሩ ጀርባ ወይም ጎን ላይ ተለጣፊ ወረቀት ካለ ተመልከቺ። በኪሎ ስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) እንደሚሞላ፣ ከፍተኛው ጣሪያም ስንት እንደሆነ ይጽፉበታል።


የካዛንቺስ_ጎማ • እሁድ ጠዋት 2፡25

የሾክ ፓምፕ አለኝ፣ ላውስሽ እችላለሁ። ሥራ መሄጃሽ ላይ ስለሆንኩ ነገ ጠዋት አቀብልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። ፓምፑን ስትሰኪ ከፎርኩ የተወሰነ አየር ወደ ፓምፑ ቱቦ ይገባል፣ ስለዚህ ጌጁ መጀመሪያ የሚያሳይሽ ቁጥር ከነበረው ትንሽ ያነሰ ነው። ስትነቅይው ደግሞ ጭስ የሚለው ድምፅ ከቱቦው ነው እንጂ ከፎርኩ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ በየጊዜው «አፈሰሰ» እያልኩ አሥር ፒኤስአይ ስጨምርበት ነበር።


አራትኪሎ_በፔዳል • ሰኞ ማታ 1፡50

ፓምፑ ደርሶኛል፣ ተባረክ። ስሰካው 115 አነበበ! ተለጣፊው ግማሹ ተልጧል፣ ለእኔ ኪሎ (62 ነኝ) የሚለው መስመር አይነበብም። አሁን ምን ያህል ላድርገው?


ባለ_ብሩጎላ • ሰኞ ማታ 2፡30

ቁጥሩን እርሺው። የምንፈልገው ሳጉን ነው፤ ዝም ብለሽ ስትቀመጪበት በራስሽ ክብደት የሚሰምጠውን ማለቴ ነው። አንጸባራቂው ቱቦ ላይ የጎማ ቀለበት አለ? ከሌለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርገሽ እሰሪበት። ሄልሜትሽን፣ ቦርሳሽን፣ ሁልጊዜ የምትይዥውን ሁሉ ያዢ። የላይኛው ሎክአውት (ፎርኩ እንዳይጫወት የሚቆልፈው) ክፍት ይሁን። ግድግዳ ተደግፈሽ ውጪበት፣ ሁለት ሦስቴ አነጥሪው፣ ከዚያ እንደምትነጂው ሆነሽ ቀጥ በይ። አንድ ሰው ቀለበቱን ወደ ሲሉ ያስጠጋልሽ። ሳትጫኚው ቀስ ብለሽ ውረጂ። በቀለበቱና በሲሉ መካከል ያለውን በማስመሪያ ለኪ።

100 ሚሊ ሜትር ለሚጫወት ፎርክ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ካነሰ ትንሽ አስተንፍሺ፣ ከበዛ ጨምሪ። በአንዴ አምስት ፒኤስአይ ብቻ። በቀየርሽ ቁጥር ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ጭምቅ ጭምቅ አድርጊው፣ ውስጥ ያሉት ሁለት የአየር ክፍሎች እንዲመጣጠኑ።


አራትኪሎ_በፔዳል • ሰኞ ማታ 4፡15

ታናሽ ወንድሜ ማስመሪያ ይዞ ተንበርክኮ ለካልኝ። በ115 ሳጉ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አውርጄ 85 ላይ 18 ሆነ። ትልቅ ለውጥ አለው! ግን ያ መያያዙ አልጠፋም። ቀስ ብዬ ስጫነው አሁንም ትንሽ እምቢ ይልና ነው የሚለቀው። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት ሁለቱም ነበሩብኝ።


ከሩቅ_የመጣሁ • ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

ይህን ክር ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ረዘም ያደርጋል፣ ታገሱኝ። ብስክሌቴን በአውሮፕላን ያመጣሁት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ነው። እዚያ እያለሁ ፎርኩ እንደ ውኃ ነበር። እዚህ አምጥቼ ስገጥመው ጫፉ ላይ እምቢ አለ፣ ሙሉውን 100 አልሄድ አለኝ። አየሩን ብቀንስ ሳጉ በዛ እንጂ መጨረሻው ላይ አሁንም ግድግዳ ነው። ብዙ አሰብኩበት።

ነገሩ ከፍታው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የታችኛው እግር (አንጸባራቂዎቹ ቱቦዎች የሚገቡበት ክፍል) ሲገጠም ደግሞ ውስጡ አየር ታፍኖ ይቀራል፤ በፓምፕ የምንሞላውን አይደለም የምላችሁ፣ ዘይቱ ባለበት ቦታ የቀረውን ነው። ታች የታፈነው አየር እዚህ ሲመጣ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ትርፍ ይኖረዋል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ፎርኩ ሲጨመቅ ያ ቦታ ስለሚጠብ ግፊቱ ይባዛል። ሲሉንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ውድ የሆኑት አዳዲስ ፎርኮች ለዚህ ማስተንፈሻ አላቸው። የፎክስ 36 እና 38 ከ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ከኋላ ትንሽ ቁልፍ አለበት፣ ስትጫኑት ጭስ ይላል። የእኔ የለውም። የታችኛውን እግር እዚህ ከፍቼ መልሼ ስገጥመው በራሱ ተስተካከለ። ከውጭ የመጣ ብስክሌት ያላችሁ ይህን አስቡበት። አንዳንዱ ሰው ቀጭን ፕላስቲክ በሲሉ ከንፈር አስገብቶ ያስተነፍሳል፣ እኔ ግን ቱቦውን ወይም ሲሉን እንዳይጭረው ስለምፈራ አልመክርም።


ባለ_ብሩጎላ • ማክሰኞ ጠዋት 3፡40

ይህን በደንብ ነው ያብራራኸው ወንድሜ። ልጆቹ ወደ አዋሽ ወርደው ሲመለሱ ፎርካቸው ተለወጠ የሚሉኝ አሁን ገባኝ።


ሜክሲኮ_92ኪሎ • ማክሰኞ ቀን 7፡20

ጣልቃ ልግባና የእኔ ሱንቱር ኤክስሲኤም ነው፣ አየር የለውም፣ ሞላ ነው ያለው። 92 ኪሎ ነኝ። ከፔዴስትሪያን ጠርዝ በወረድኩ ቁጥር እታች ድረስ ገብቶ ቋ ይላል። የላይኛዋን ጉብ ወደ ፕላስ እስከ መጨረሻ አዞርኳት፣ ለውጥ የለውም።


ባለ_ብሩጎላ • ማክሰኞ ማታ 1፡15

አንተ ዘንድ ያለችው ጉብ ፕሪሎድ ነች። ሞላውን ከመነሻው ትንሽ ትጨምቀዋለች፣ ሳግህን ትቀንሳለች፣ ያን ብቻ ነው የምትሠራው። ሞላው ራሱ አይጠነክርም። ለ92 ኪሎ የሚሆን ጠንከር ያለ ሞላ ማግኘት ነው ያለብህ። ፎርክህ ላይ ሞላው ያለው በግራ እግር ነው፤ የላይኛው ክዳን ሲፈታ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ከፍተህ አጽዳው። የእነዚህ ፎርኮች ውስጥ ከዘይት ይልቅ በግሪስ ነው የሚሠራው፣ ግሪሱ ከአቧራ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ሲሆን ነው ሰው «ተበላሸ» የሚለው።

አሁን ወደ አራት ኪሎዋ ልጅ ልመለስ። ለመክፈት ዝግጁ ነሽ። የምንከፍተው የታችኛውን እግር ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ዳምፐር፣ ዘይቱ በቀዳዳ እየተጣራ ፎርኩን የሚያዘገየውን ክፍል፣ አትነኪውም። እሱ ሌላ ሥራ ነው። ሮክሾክስ ራሱ የታችኛው እግር በየ50 የመንዳት ሰዓቱ ይከፈት ይላል። አንቺ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትነጂ አስቢና ቁጠሪው፤ ዓመት ሙሉ አልተከፈተም።

የሚያስፈልግሽ፦ ባለ 5 ብሩጎላ፣ የጎማ መዶሻ፣ ሳፋ፣ ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ ከፋርማሲ አልኮልና ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የፎርክ ዘይት፣ ለሲል የሚሆን ግሪስ። ዘይቱን መርካቶ የሞተር ሳይክል ዕቃ የሚሸጡት ጋር «የፎርክ ዘይት» ብለሽ ጠይቂ። 15 ዳብልዩ (የዘይቱ ውፍረት ቁጥር ነው) ካለ እሱን፣ ከሌለ 10ም ይሆናል። መጠኑ እንደ ሞዴሉና እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ ፎርኩ ላይ የተጻፈውን ተከታታይ ቁጥር ፈልጊና የአምራቹን ማኑዋል አውርጂ። በብዙዎቹ ላይ በእያንዳንዱ እግር ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ አይግረምሽ። ማለስለሻ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።


ሜክሲኮ_92ኪሎ • ማክሰኞ ማታ 1፡40

የሞተር ዘይት፣ ያ 20-50 የሚባለው፣ አይሆንም እንዴ? ቤት ውስጥ አለኝ።


ፒያሳ_ቁልቁል • ማክሰኞ ማታ 1፡55

የእኔ ጓደኛ አድርጎት ሁለት ዓመት ሄዷል።


ባለ_ብሩጎላ • ማክሰኞ ማታ 2፡20

በታችኛው እግር ማለስለሻ ብቻ ስለሆነ ወዲያው አይገድለውም። ግን ወፍራም ነው፣ ጠዋት ብርድ ላይ ፎርኩን ያሰንፈዋል። ዳምፐር ውስጥ ከገባ ደግሞ ፎርኩ ተመልሶ አይነሳም። የፎርክ ዘይት አንድ ሊትር ገዝታችሁ ለአምስት ብትካፈሉት ለሁላችሁም ይበቃል፣ ለዚህ ሲባል አትሳሱ።


ማኪያቶ_ጥገና • ረቡዕ ቀን 6፡30

የካፌ ማሽን ነው የምጠግነው፣ ብስክሌቱ ትርፍ ሰዓቴ ነው። ስለ ግሪሱ አንድ ነገር ልበል። የመኪና ኩሽኔታ ግሪስ ሲል ላይ አትቀቡ። አንዳንዱ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ሲል ደግሞ ቱቦውን አንቆ ይይዛል። እኛ በማኪያቶ ማሽን የእንፋሎት ቧንቧ ኦሪንጎች ላይ የምንጠቀመው የሲሊኮን ግሪስ አለ፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ሽታ የሌለው። ለእነዚህ ሲሎች ይስማማል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በራሴ ፎርክ ላይ ስጠቀምበት ምንም አልሆነብኝም። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራውን ካላገኘሽ የካፌ ማሽን የሚጠግን ሰው ጠይቂ፣ አንድ የጥፍር ያህል ነው የሚበቃሽ። ፒያሳ በኩል ካለፍሽ እኔም እሰጥሻለሁ።


አራትኪሎ_በፔዳል • ቅዳሜ ጠዋት 4፡05

ጀምሬያለሁ! ጎማውን አወጣሁ። የዲስክ ፍሬኑን ካሊፐር ፈትቼ ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ መሪው ላይ አሰርኩት። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተነፈስኩ። ከቀኝ እግሩ ስር ቀዩን የሪባውንድ (ፎርኩ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚያስተካክለውን) ጉብ አወጣሁ። ግራው ቡሎን እሺ አለ። የቀኙ ግን ይዞራል ይዞራል፣ አይወጣም። ምን ላድርግ? ሳፋው ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።


የካዛንቺስ_ጎማ • ቅዳሜ ጠዋት 4፡12

ዘንጉ ከውስጥ አብሮ እየዞረ ነው። ወንድምሽ የታችኛውን እግር ወደ ታች ሳብ አድርጎ ይያዝልሽ፣ አንቺ በዚያው ሰዓት ፍቺ። ሳይሳብ ከዞረ ዝንተ ዓለም ይዞራል።


ባለ_ብሩጎላ • ቅዳሜ ጠዋት 4፡15

ልክ ነው። ደግሞ ቡሎኖቹን ወዲያው ሙሉ በሙሉ አታውጪ። ሦስት አራት ዙር ብቻ አላልተሽ ተዪያቸው፣ ከዚያ የቡሎኑን ራስ ላይ በጎማ መዶሻ ቀጥ አድርገሽ ምቺ። ውስጥ ያለው ዘንግ ከእግሩ ሲላቀቅ ይሰማሻል፣ ቡሎኑም ወደ ውስጥ ይገባል። ያለ ቡሎን ከመታሽ የዘንጉን ጥርስ ታበላሺያለሽ።


አራትኪሎ_በፔዳል • ቅዳሜ ጠዋት 4፡40

ወጣ!!! ወንድሜ ሳበው፣ እኔ ፈታሁ፣ መታሁ፣ «ጧ» አለና ተላቀቀ። ቆይ ልቀጥል።


አራትኪሎ_በፔዳል • ቅዳሜ ቀን 9፡30

ያየሁትን ልንገራችሁ። የታችኛውን እግር ስስበው ከግራው አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነገር ጠብ አለ። ዘይት አይመስልም፣ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ከቀኙ ምንም አልወጣም። ደረቅ ነበር። ከሲሉ ስር ያለውን የስፖንጅ ቀለበት በጥፍሬ ሳወጣው ደርቆ እንደ ቂጣ ተሰነጣጠረ ብዬ ፈራሁ፣ ግን አልተሰበረም። በአልኮል ሳጥበው ቀይ አፈር ለቀቀ፣ ያ የእንጦጦ አፈር። አምስት ጊዜ ነው ያጠብኩት፣ ውኃው እስኪጠራ። ከዚያ አዲሱ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ ሳወጣው ለስላሳ፣ ወርቃማ ሆነ። አስተያየቱ ራሱ ደስ ይላል።

የእግሩን ውስጥ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ወለወልኩት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ስምንት ጊዜ ቀየርኩ። ሲሉ ከንፈር ላይ የማኪያቶውን ግሪስ በስሱ ቀባሁ (ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ)። መልሼ ስከተው ከንፈሩ እንዳይታጠፍ አንዱን እግር ካስገባሁ በኋላ ሌላውን በጣቴ ዙሪያውን እየዳሰስኩ አስገባሁት። ይቺ ቦታ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ከዚያ ብስክሌቱን ገልብጬ በቡሎኑ ቀዳዳ በሲሪንጅ ማኑዋሉ ያለውን ያህል ሞላሁ።

ማጥበቂያ ቁልፍ በኒውተን ሜትር የሚለካ የለኝም። ማኑዋሉ 7.3 ይላል። ይህ በእጅ ስንት ነው?


ባለ_ብሩጎላ • ቅዳሜ ቀን 9፡50

ብሩጎላውን በአጭሩ ክንድ ሳይሆን በረጅሙ ያዢው፣ ግን ጫፉ ላይ አትያዢ። በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ያዢ፣ ጠበቅ ሲል ቁሚ። በክንድሽ ሙሉ ጉልበት ማጥበቅ የለም። ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተላጠ ማዳኛ የለውም። ለማረጋገጥ ጎረቤት ጋራዥ ካለ ለአምስት ደቂቃ የሚለካውን ቁልፍ ተዋሺ። የቡሎኑን ሮንዴላም እይ፤ የተጨፈለቀ ከሆነ ዘይት ያንጠባጥባል፣ አዲስ አድርጊበት።

አሮጌውን ዘይት ደግሞ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ እንዳትደፊው። በጠርሙስ አድርጊና ዘይት የሚቀይር ጋራዥ ስጪ፣ ይቀበሉሻል።


ፒያሳ_ቁልቁል • ቅዳሜ ቀን 10፡30

ጋሼ፣ የእኔ የተፋቀው ቱቦ መድኃኒት አለው? ጭረቱ ረጅም ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ ነገር አለ።


ባለ_ብሩጎላ • ቅዳሜ ማታ 12፡45

ጥፍር የማይዘውን ተወው። ጥፍር የሚይዘው ሲሉ የሚመላለስበት ቦታ ላይ ከሆነ ዘይት ያወጣል፣ ሲልም ይበላል። ጠርዙ ወደ ላይ ካበጠ በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሰህ ያበጠውን ብቻ ለስለስ አድርገው፣ ዙሪያውን አትፈግፍገው። በአልኮል አጽዳ። ከዚያ ጎድጓዳው ውስጥ የጥፍር ቀለም በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርግ፣ ይድረቅ፣ ድገመው፣ እስኪሞላ። ሲደርቅ በዚያው ወረቀት ከቱቦው ጋር እኩል አድርገው። እንደ አዲስ አይሆንም፣ ግን ሲልህን ያተርፍልሃል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ይህን ሁላችሁም አድርጉት። የፊት ፍሬኑን ያዙና ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት፣ የሌላኛው እጃችሁ ጣት ቱቦውና ሲሉ የሚገናኙበት ላይ ይሁን። እዚያ ጋ ቋ ቋ የሚል ንቅናቄ ከተሰማችሁ የውስጥ ቡሹ አልቋል። እዚያ ምንም ከሌለና ከላይ ከመሪው ስር ከተሰማችሁ ግን የመሪው ኩሽኔታ ላልቶ ነው፣ ማጥበቅ ብቻ ነው። ሁለቱን አምታተው ደህና ፎርክ የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።


አራትኪሎ_በፔዳል • እሁድ ማታ 12፡20

እንጦጦ ወጥቼ ወርጄ አሁን ገባሁ።

መጀመሪያ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር። አየሩን እንደ በፊቱ 85 ሞላሁና ሳጉን ስለካ 22 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለካ ሰኞ የለካሁት 18 ድርቀቱ አግዞት ነበር። 90 አድርጌው 19 ላይ አቆምኩት። (ይህ ለእኔ ኪሎና ለእኔ ፎርክ ነው፣ ቁጥሬን አትቅዱ።)

ሪባውንዱን ያስተካከልኩት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ሰፈሬ ካለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ቁጭ እንዳልኩ እየወረድኩ ነው። ጉቡን ወደ ጥንቸሏ ምልክት (ወደ ፈጣኑ) ሳዞረው ፎርኩ ሁለት ሦስቴ ያነጥረኛል። ወደ ኤሊው (ወደ ዘገምተኛው) እስከ መጨረሻ ስወስደው ደግሞ ገብቶ ሳይመለስ ቀጣዩ ጉብታ ይደርስበታል። አንዴ ተመልሶ ጸጥ የሚልበት ቦታ መሐል አካባቢ ሆነ። ወንድሜ ከጎን ሆኖ በስልክ ቀረጸልኝ፣ ከቪዲዮው ነው በደንብ ያየሁት።

ቁልቁለቱ ላይ ሥር የበዛበት የባሕር ዛፍ ጫካ መሐል ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ፍሬን ይዤ በእግሬ ነበር የምሻገረው፣ ጎማው በየሥሩ ላይ ስለሚነጥር። ዛሬ ጎማው መሬቱን አልለቀቀም። ሥሮቹን በእጄ መዳፍ እቆጥራቸው ነበር ማለት ይቻላል፣ ግን አላመመኝም። ታች ስደርስ ቀለበቱን ለካሁ፣ 84 ሚሊ ሜትር ሄዷል። ከ100 ውስጥ 84!

ፎርኩ ሥር ስመለከት የዘይት ጠብታ የለም። ቱቦው ላይ ግን ስስ የዘይት ቀለበት ጥሏል። ይሄ ችግር ነው?


ባለ_ብሩጎላ • እሁድ ማታ 1፡05

እሰይ የኔ ልጅ! ቀለበቱ ችግር አይደለም፣ ሲሉ እየራሰ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። በነዳሽ ቁጥር በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ አቧራ እንዳይዝ። ለብዙ ቀን ሳትነጂ ከቆየሽ ደግሞ በምትነጂበት ቀን ዋዜማ ብስክሌቱን ገልብጠሽ አሳድሪው፣ ዘይቱ ወደ ስፖንጁ ይወርዳል። መኪና ማጠቢያ ቦታ ወስደሽ በግፊት ውኃ እንዳታስመቺው፣ ውኃው ሲሉን አልፎ ይገባል። ባልዲና ስፖንጅ ይበቃል።

84 ጥሩ ነው። ከከበደ ቦታ ስትወርጂ አልፎ አልፎ ወደ 95 ቢጠጋ አትደንግጪ፣ የተሠራው ለዚያ ነው። ቀኑንና ፒኤስአዩን ደብተር ላይ ጻፊው።


ከሩቅ_የመጣሁ • እሁድ ማታ 1፡20

ሮክሾክስ የመጀመሪያውን ፎርክ፣ አርኤስ-1ን፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ጠቅላላ ጉዞው 48 ሚሊ ሜትር ነበር። አንቺ ዛሬ በአንድ ቁልቁለት የሄድሽበት የዚያን እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። በዚያ 48 በሚሄድ ፎርክ ግሬግ ኸርቦልድ በ1990 የዳውንሂል የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እና ሰው በትንሽ ጉዞም ይወርዳል፣ በደንብ ከተያዘ።


ሜክሲኮ_92ኪሎ • እሁድ ማታ 1፡45

እኔም ልከፍት ነው፣ ወሰንኩ። ጠንካራ ሞላ የሚያስመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። እህቴ፣ የጎማ መዶሻሽንና የተረፈሽን ዘይት ብታውሺኝ?


አራትኪሎ_በፔዳል • እሁድ ማታ 2፡00

ዘይቱ ከግማሽ ሊትር በላይ ተርፏል። የአንተ ግን በግሪስ ነው የሚሠራው ብለዋል ጋሼ፣ ስለዚህ ማኪያቶ ወንድማችንን ጠይቅ። መዶሻውን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ይዤ እመጣለሁ። የካዛንቺስ፣ ፓምፑንም በዚያው እመልስልሃለሁ። ዘይት የፈለገ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ።


የካዛንቺስ_ጎማ • እሁድ ማታ 2፡10

ፓምፑ አንቺ ጋ ይቆይ። እሱ ሞላ ስለሆነ አያስፈልገውም፣ ፒያሳ_ቁልቁል ግን ቱቦውን ሲጨርስ ይፈልገዋል። ለእሱ ስጪው።


ፒያሳ_ቁልቁል • እሁድ ማታ 2፡15

እመጣለሁ። የጥፍር ቀለሙን ከእህቴ ወስጃለሁ፣ ሁለተኛው ጠብታ እየደረቀ ነው።